ነፃ እና በነፃ

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ፈልጌው አይደለም፤ «አንተ እኮ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ» ተብዬ ተጫነብኝ። ጋዜጣ ላይ መጻፍና የዕድር ቃለ ጉባኤ መያዝ ምን እንደሚያገናኛቸው ዛሬም አልገባኝም። ይሁን።

እናላችሁ፣ አንድ እሁድ ጠዋት አንዲት እናት ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። ባለቤታቸው ካረፉ ገና መንፈቅ አልሞላም። ሟቹ ከዕድሩ መሥራቾች አንዱ ነበሩ። ኮሚቴው ደግሞ ለሴትየዋ «በስምዎ ለመቀጠል እንደ አዲስ አባል የመግቢያ ይክፈሉ» የሚል ደብዳቤ ልኮላቸዋል። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። «ልጆቼ» አሉ ሴትየዋ፣ «ደንቡ ሲሻሻል እኔ ድንኳኑ ውስጥ ቡና እያፈላሁ ነበር። የመሥራች ሚስት ያለ መግቢያ ትቀጥላለች ተብሎ ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» የመግቢያው ገንዘብ በጡረታ አበል ለሚኖር ሰው የወራት ቀለብ ነው።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና «እናቴ፣ ዕድር በጆሮ አይተዳደርም፤ በጽሑፍ ነው» አሉ። ልክ ናቸው። ጽሑፉ ግን የት አለ? የወረቀቱ ቅጂ የዕቃ ቤቱ ጣራ ያፈሰሰ ጊዜ በስብሷል። አይዞን፣ ደንቡ በ1989 ዓ.ም. በኮምፒውተር ተጽፎ ነበር! የዚያን ጊዜው ጸሐፊ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ በዲስኬት አስቀመጡት። ከዲስኬት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ እኔ እጅ ደርሷል። ፍላሹን ሰካሁ፤ ፋይሉን ከፈትኩ። ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ሴትየዋ ሁሉም ከኋላዬ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ።

የወጣው ነገር አማርኛ አይደለም። እንግሊዝኛም አይደለም። የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት፣ አናቱ ላይ ነጥብ የተጣለበት ፊደል... ዘጠኝ ገጽ ሙሉ። ገንዘብ ያዡ «ይሄ ደግሞ የጠንቋይ ክታብ ነው እንዴ?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበር። የኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ተባዝቶ፣ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ እዚያ ውስጥ አይበቃም። ስለዚህ የግዕዝ ሶፍትዌር የሚሠራ ሁሉ ፊደሉን በራሱ መንገድ እየከፋፈለ በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ አስቀመጠው። አንዱ ዘንድ «ሀ» የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ሌላው ዘንድ «ጨ» ተቀምጣለች። በዚያ ዘመን ቀላል ሥራ አልነበረም፤ የሠሩት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ የትኛው ፊደል የት እንደተቀመጠ የሚያሳየው ሰንጠረዥ የሻጩ ምስጢር መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ከሌለ ጽሑፉም የለም። እኛ ደንባችንን የጻፍንበት ፕሮግራም ዛሬ ባሉን ኮምፒውተሮች ላይ አይሠራም፤ የሠራውን ድርጅትም ፈልገን አጣነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ ለእያንዳንዱ ፊደላችን ቋሚ ቁጥር ሰጠ፤ ከዚያ ወዲህ «ሀ» የትም አገር፣ በማንም ኮምፒውተር ቁጥሯ 4608 ነው። የኛ ደንብ ግን የተጻፈው ከዚያ በፊት ነው።

ባጭሩ ዕድሩ የገዛ ሕጉን ማንበብ አቃተው።

የእህቴን ልጅ ጠራሁት። ላፕቶፑ ክዳን ላይ ፔንግዊን ለጥፏል፤ ሊኑክስ ተጠቃሚ ነው። ሊኑክስ ተጠቃሚ መሆኑን በምን አወቅህ እንዳትሉኝ፤ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ሻዩን ሳይቀምስ ስብከቱን ጀመረ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነው የዝግ ሶፍትዌር ጣጣው! ስንት ጊዜ ነገርኩዎት! የራስዎን ጽሑፍ በሰው ሣጥን ቆልፈው ቁልፉን ለባለ ሣጥኑ ሰጡት።» የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ የተናገረበት ድምፅ ግን በጥፊ የሚያስመታ ነበር።

ሥራውን ግን ሠራው። ከኔ መሳቢያ ውስጥ በዚያው ፕሮግራም የታተመ አንድ የድሮ የስብሰባ ጥሪ አገኘን። ፋይሉም ፍላሹ ላይ አለ። የታተመውን አማርኛ ከክታቡ ጎን አስቀምጦ፣ ይቺ ምልክት «መ» ነች፣ ይቺ ደግሞ የ«መ»ን ወንድም «ሙ»ን ታመጣለች እያለ ሁለት ሌሊት ለቀመ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኙም ገጽ አማርኛ ሆነ። ሴትየዋ ያሉት አንቀጽ ቃል በቃል ባይሆንም አለ። ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ይቅርታ የሚል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህ አምድ ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች የምስጋና ጽሑፍ በሆነ ነበር። አላለቀም። ልጁን ስሸኘው «ያቺን ሰንጠረዥ ለሰው ሁሉ እንድትደርስ ብታወጣት እኮ ስንቱ ዕድር፣ ስንቱ ማኅበር ይጠቀምባት ነበር» አልኩት። ሳቀ። «ሥራዬ ናት እኮ ጋሼ! እንዲህ ያለ ፋይል የታቀፈ መሥሪያ ቤት ስንት እንዳለ ያውቃሉ? በገጽ ይከፈለኛል። ምስጢሯ ከወጣማ ማን ይከፍለኛል?»

ልብ በሉልኝ። ከሦስት ቀን በፊት «ቁልፉን ለባለ ሣጥኑ ሰጡት» ብሎ የተቆጣኝ ልጅ ነው። ሁለቱን ሌሊት የሠራበት ከርነል፣ ጽሑፉን የከፈተበት ፕሮግራም፣ ሰንጠረዡን የጻፈበት ፓይተን፣ ውጤቱን ያሳየኝ የግዕዝ ፎንት፣ ሁሉም የማያውቃቸው ሰዎች ሠርተው ኮዱን ገልጠው የሰጡት ነው። በእነዚያ ሁሉ ክፍት በሮች አልፎ ሲያበቃ፣ መጨረሻ ላይ የራሱን በር ገጥሞ ቆለፈው። ሣጥኑ ያው ነው፤ ባለ ሣጥኑ ብቻ ተለወጠ።

ይሄንን የምጽፈው የእህቴን ልጅ ለማሳጣት አይደለም (ያነበዋል፤ ይቆጣል፤ እናቱ ታስታርቀናለች)። የማውቃቸው የሊኑክስ ወዳጆች አብዛኞቹ እንደሱ ስለሆኑ ነው። ለነሱ የምለው አንድ ነገር ነው፦ እናንተ የምትወዱት ነፃ ሶፍትዌርን ሳይሆን በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌርን ነው።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ይረዳናል። ነፃ ሰው፣ ነፃ አገር፣ ነፃ ፕሬስ ስንል አንድ ነገር ነው። አንዲት «በ» ስትጨመርበት «በነፃ» ይሆንና ወሬው ወደ ኪስ ይዞራል። እንግሊዞች ይቺ «በ» እንኳን የለቻቸውም፤ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያላቸው። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ካወጀ ጀምሮ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚያስረዳው ይሄንኑ ነው፦ የምናገረው ስለ ነፃነት ነው፤ ስለ ዋጋ አይደለም። ፕሮግራሙን ለፈለግከው ሥራ ማዋል፣ ውስጡን አይቶ ማረም፣ ለጎረቤት ማካፈል፣ ያረምከውን ደግሞ መልሶ ለሕዝብ ማውጣት፤ አራት ነፃነቶች። ከአራቱ አንዱም «ገንዘብ አትክፈል» አይልም። ሰውየው ራሱ በ1985 ኢማክስ የተባለውን ፕሮግራሙን በቴፕ ቀድቶ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር። የገዛው ሰው ግን ኮዱን አብሮ ያገኛል፤ መልሶ መሸጥም ይችላል።

ለዕድርተኛ በዕድር ቋንቋ ላስረዳ። የምንጭ ኮድ የሚሉት የሶፍትዌሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው። የዝግ ሶፍትዌር ተጠቃሚ መዋጮውን የሚከፍል፣ ድንኳኑ የሚተከልለት፣ ደንቡን ግን አይቶ የማያውቅ አባል ነው፤ ደንቡ በዳኛው ሣጥን ተቆልፏል። ነፃ ሶፍትዌር ማለት ደንቡ የተገለጠበት፣ ማንም አባል ተነሥቶ «አንቀጽ እንዲህ ይሻሻል» የሚልበት ዕድር ነው። መዋጮ የለውም ያለ ግን ማንም የለም።

የሊኑክስ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ ስለማያነቡ አንድ ነገር ላስታውሳቸው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ21 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያውን ሊኑክስ ሲያወጣ ያወጣበት ፈቃድ በገንዘብ ማከፋፈልን የሚከለክል ነበር። ለማባዣና ለማጓጓዣ እንኳ ቢሆን ሳንቲም መቀበል አይቻልም። ሊኑክስ ሲወለድ «በነፃ» ነበር ማለት ነው። በዓመቱ፣ በ1992፣ ያንን ትቶ የስቶልማንን ጂፒኤል ፈቃድ ወሰደ። ሽጡት፣ ለውጡት፣ የምታከፋፍሉትን ለውጥ ግን ከነኮዱ ስጡ የሚል ፈቃድ። ከዚያ በኋላ ነው ነጋዴውም፣ መሐንዲሱም፣ ዩኒቨርሲቲውም እጁን ያስገባው። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ በዚሁ በተገለጠ ኮድ ላይ አገልግሎት እየሸጠ አድጎ በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። «በነፃ»ን ትቶ «ነፃ»ን በመምረጡ ነው ሊኑክስ ሊኑክስ የሆነው። እናንተ ሰላሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ «በነፃ ነው እኮ!» እያላችሁ ትሰብካላችሁ።

ደግሞስ ለማን ነው የምትሰብኩት? አዲስ አበባ ውስጥ ለዊንዶውስ ከኪሱ የከፈለ ሰው የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ከሰፈራችን በታች ያለው ኮምፒውተር ቤት የሚሠራውን ልጅ «ሊኑክስ እኮ በነፃ ነው» ብለው እንዲህ አለኝ፦ «ዊንዶውስም በነፃ ነው፤ ፎርማት ማድረጊያውን ብቻ ነው የምትከፍለው።» ምን ይመለስለታል? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምም የቅጂ መብት እንዳለው አገሩ ደንግጓል፤ ልጁ ሱቅ ውስጥ ግን አዋጁ ገብቶ አያውቅም። ሁሉም ነገር በነፃ በሚገኝበት አገር «በነፃ» የሚል ቃል ደንበኛ አይጠራም። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲ በፖስታ ይልክ ነበር፤ የፖስታውን እንኳ አታወጣም። እኔም ደርሶኛል። ለወዳጅ ዘመድ ያደልኩትን ሲዲ በኋላ የታክሲ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ሲያብረቀርቅ አይቼዋለሁ።

የሰረቁት ዊንዶውስ ደግሞ የሰው ወርቅ ነው፤ አያደምቅም። በግንቦት 2017 (እ.ኤ.አ.) ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ መድኃኒቱ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ያለው ሰው ደግሞ «እንዳይነቃብኝ» ብሎ መጀመሪያ የሚዘጋው ያንኑ ማሻሻያ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው የደህንነት ቺፕ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ባሉት አሮጌ ማሽኖች ላይ የለም። እንግዲህ ሊኑክስ በራፋችን ድረስ መጥቶ የሚያንኳኳበት ጊዜ ቢኖር አሁን ነው። ታዲያ በሩን የሚከፍትለት ማነው?

የሊኑክስ ወዳጆች እንዳትሉኝ። እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። ኡቡንቱ ይሻላል አርች፣ ዴቢያን ይሻላል ፌዶራ እያሉ እንደ አርሰናልና ማንቸስተር ደጋፊ ሲነታረኩ ይመሻል። አንድ ጀማሪ፣ የትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ በሉት፣ «ፕሪንተሬ አልሠራ አለኝ» ብሎ ቢጠይቃቸው «መመሪያውን አንብብ» ነው መልሱ። መመሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ አምስት ገጽ ሆኖ ሦስቱ ስለሌላ ነው የሚያወራው። ሰውየው እያፈረ ወደ ኮምፒውተር ቤቱ ልጅ ይመለሳል። ያ ልጅ ቢያንስ አይሰድበውም። «ለምን ሊኑክስ አልተስፋፋም?» የምትሉ ሁሉ ከፈቃድና ከማይክሮሶፍት ሴራ በፊት አንደበታችሁን መርምሩ።

ሴራ ካልን አይቀር ስለ አንድ «ሴራ» ላውራ፤ ተንኮል የሌለበት ሴራ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ የወጣ ሥርዓት ነበር፤ ስሙ በምሕጻረ ቃል ሴራ ይባላል። ያን ጊዜ ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ፣ በጃፓን የኤሌክትሮቴክኒካል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ሰው ይህንን ሥርዓት ወስዶ ኢማክስ ውስጥ የኢትዮጵያን ፊደል መጻፊያ ሠራበት። ዩኒኮድ የኛን ፊደል ከመቀበሉ በፊት ማለት ነው! ኢማክስ የስቶልማን ፕሮግራም ነው። ጃፓናዊው ለስቶልማን ደጅ አልጠናም። «የኢትዮጵያ ገበያ ስንት ዶላር ያወጣል?» ብሎ የሚጠይቀው የሽያጭ ክፍልም አልነበረም። ኮዱ የተገለጠ ነበር፤ ገባ፤ ጻፈ፤ ወጣ። ስሙ እስከ ዛሬ ፋይሉ ራስ ላይ አለ፤ የፈለገ ከፍቶ ያያል። የኛን «ሀ ሁ» ቶኪዮ አካባቢ ተቀምጦ የሚለቅም ሰው ባሰብኩ ቁጥር ግማሽ ኩራት ግማሽ ሀፍረት ይሰማኛል።

ሀፍረቱ ከዚህ ይመጣል። ነፃነቱ ለጃፓናዊው እንደተሰጠ ለኛም ተሰጥቷል። ተጠቅመንበታል? ሊኑክሴን በአማርኛ ላድርገው ብዬ ቋንቋውን ቀየርኩ። አንዱ መስኮት አማርኛ፣ አንዱ እንግሊዝኛ፣ አንዱ ደግሞ አማርኛ መሳይ። ወሩን «ጃንዩወሪ» ይለኛል። ጥር የሚባል ወር ያለው ሕዝብ ነን እኮ! ይሄንን ለማረም የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ፋይሉ ክፍት ነው፤ እንግሊዝኛው በግራ አማርኛው በቀኝ ይጻፋል፤ ፕሮግራመር መሆን እንኳን አይጠይቅም። አማርኛ የሚያውቅ ሰው፣ ትዕግሥትና ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው የሚፈልገው። ማይክሮሶፍት ቢሆን ኖሮ «ፈረንጆቹ ናቁን» ብለን እንገላገል ነበር። እዚህ ላይ ግን የናቅነው እኛው ራሳችን ነን። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ሳይሆን ይቀራል?

አዎ፣ ትንሽ የሆኑ፣ ስማቸው የማይጠራ ሰዎች ተርጉመዋል፤ ፎንት ሠርተዋል፤ የቁልፍ ሰሌዳ ሠርተው ለቀዋል። ይህ ጽሑፍ ስለነሱ አይደለም። እነሱ በሞቀ ክርክር ላይ የሉም፤ ጊዜ የላቸውም።

አሁን የእህቴ ልጅ የሚመልሰው ይታየኛል። «ጋሼ፣ ፈረንጅ ሞልቶለት ነው። እኔ ቤት ኪራይ እከፍላለሁ።» ይሄ ቀልድ አይደለም፤ በቁም ነገር መመለስ ያለበት ነው። ለድሃ አገር ወጣት «ጉልበትህን በነፃ ስጥ» ማለት ነውር እንደሆነ አምናለሁ። ግን ማን በነፃ ስጥ አለው? ያው የ«በነፃ» በሽታ ነው የሚያናግረው። ለዕድራችን የሠራው ሁለት ሌሊት ሥራ ነበር፤ ክፈሉኝ ቢል እንከፍለው ነበር (አልጠየቀም፤ እኔ ስለምገኝበት ይሆናል)። ነገ አንድ ማኅበር አምስት መቶ ገጽ ይዞ ቢመጣ የሚከፈለው ቁጭ ብሎ ለሚገለብጠው፣ ለሚያርመው፣ ለሚያስረክበው ላቡ ነው። ሰንጠረዡን ማውጣት ይሄንን አይከለክለውም። እንዲያውም ሰንጠረዡ ላይ ስሙ ካለ ሥራው ወደሱ ይመጣል፤ የሚጎድለውን ምልክት ሌላ ሰው ይሞላለታል። መደበቅ ግን አንድ ነገር ያረጋግጣል፦ ልጁ ነገ ካናዳ ቢሄድ፣ ላፕቶፑ ቢሰረቅ፣ ሰንጠረዡ አብሮ ይጠፋል። እዚህች አገር ውስጥ ሌላ ወጣት በሌላ ሁለት ሌሊት ከ«ሀ» ይጀምራል። ምናልባት እስካሁን አሥር ጊዜ ተጀምሮ ይሆናል፤ ሁሉም ደብቆት ማን ያውቃል?

ገበሬ ይሄንን ያውቀዋል። ወንፈል የወጣ ሰው ጠላ ለመጠጣት ብቻ አይሄድም። ዛሬ አንተ ማሳ፣ ነገ እኔ ማሳ ነው። ጠላውን ጠጥቶ ማጭዱን ሳይነካ የሚሄድ ሰው ቢኖር በሁለተኛው ዓመት የሱ ማሳ ላይ የሚቆመው ብቻውን ነው።

ሁሉም ጠጪ፣ ጥቂት አጫጅ ሲሆን የሚመጣውን ደግሞ ዓለም በቅርቡ አይቶታል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ኢንተርኔቱን ሲያንቀጠቅጥ ምክንያቱ ኦፕንኤስኤስኤል የተባለ፣ የዓለም ባንኮችና ሱቆች የተደገፉበት ነፃ ሶፍትዌር ነበር። ለፕሮጀክቱ በዓመት የሚገባው ስጦታ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የባሰው መጣ። ኤክስዚ የሚባል ፋይል መጭመቂያ አለ፤ ሊኑክስ ባለበት ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። የሚንከባከበው አንድ ፊንላንዳዊ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው፣ ያለ ክፍያ። ሰውየው ደክሞታል። ጂያ ታን በሚል ስም አንድ ሰው ብቅ አለና ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሲያግዘው ቆየ። እውነተኛ ማንነቱ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የደከመ ሰው አጋዥ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ቁልፉን አካፈለው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ያ «አጋዥ» ኮምፒውተሮችን ከሩቅ ለመክፈት የሚያስችል ስውር በር አስገባበት።

ማን አገኘው? አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ፕሮግራመር፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ «ለምን?» ሲል ጊዜ። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል፤ ይሄኛው የሚሊዮኖችን አስቀረ። ኮዱ የተገለጠ ባይሆን ኖሮ ጥያቄው ጥያቄ ሆኖ ይቀር ነበር። ይሄንን ሳወራ የሊኑክስ ወዳጆች በደስታ ያጨበጭባሉ። ፍሮይንድ ደሞዙን የሚበላው ከማይክሮሶፍት መሆኑን ስጨምርበት ጭብጨባው ይቆማል።

ክፍት ኮድ የሚጠቅመው የሚያነበው ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ይሄ ለኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ፋይዳ ያልነው ዲጂታል መታወቂያችን የቆመው ሞሲፕ በተባለ፣ ባንጋሎር ካለ የሕንድ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም በወጣ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የየጤና ጣቢያውን ቁጥር የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክ ልቡ ሊኑክስ ነው። ጣት አሻራችን፣ የልጆቻችን ክትባት፣ የቤታችን ወሬ ሁሉ በተገለጠ ኮድ ላይ ተቀምጧል። ጥሩ ነው፤ ከዝግ ሣጥን ይሻላል። ግን እዚህ አገር ያንን ኮድ እንደ ፍሮይንድ አጥብቆ የሚያነበው ማነው? አንብቦ ያገኘውን ስሕተት አርሞ መልሶ የሚልከውስ? «ሊኑክስ አሸነፈ» እያሉ ፔንግዊን የሚለጥፉት ልጆች ናቸው ይሄንን ማንበብ የሚችሉት፤ ሌላ ሰው የለንም። እነሱ ደግሞ ሰንጠረዥ ይደብቃሉ።

ባለፈው ወር የዕድሩ ኮሚቴ ሲሰበሰብ አጀንዳ አስያዝኩ። ልጁ ለደከመበት ዕድሩ ተገቢውን ገንዘብ እንዲከፍለው፣ በለውጡ ሰንጠረዡን ከነስሙ ማንም እንዲጠቀምበት እንዲያወጣ። ልጁን አስቀድሜ አነጋግሬዋለሁ፤ ትንሽ አንገራግሮ «እስቲ ይወስኑና» ብሏል። ዳኛው አልተቃወሙም። ያቺ እናት፣ አሁን በስማቸው አባል ናቸው፣ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን አወጡ። ገንዘብ ያዡ ግን ደብተራቸውን ዘግተው «እኛ ከፍለን ሌላው ዕድር በነፃ ሊወስደው? ምን የሚሉት ንግድ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰዓቱ ስለረፈደ ነገሩ ለሚቀጥለው እሁድ ተቀጥሯል።